በኤክሴል ቀመር ውስጥ የዶላር ምልክት ሥራ

በኤክሴል ቀመር ውስጥ የምንጽፈው የሴል (የሠንጠረዡ አንድ ሳጥን) አድራሻ ቋሚ ይመስለናል፤ ቀመሩን ስንገለብጥ ግን ሳይለወጥ የሚቆየው በቀመሩና በሴሉ መካከል ያለው ርቀት ነው። የዕቃው ዋጋ በቢ2 (ዓምድ ቢ፣ ረድፍ 2)፣ የተጨማሪ እሴት ታክሱ 15 በመቶ ደግሞ በኢ1 ተቀምጦ፣ ሲ2 ላይ ሁለቱን የሚያባዛ ቀመር ጽፈን ወደ ታች ብንገለብጠው፣ ሲ3 ላይ ቢ3ን በኢ2 ያባዛል፤ ኢ2 ባዶ ከሆነም ታክሱ ያለ ምንም የስህተት መልእክት ዜሮ ይሆናል። እኔን አጥብቆ የሚያሳስበኝ ይህ ዝምታ ነው፤ ሒሳቡን የሚረከበው ሰው የሚጠራጠርበት ምልክት አያገኝምና። መፍትሔው ከኢም ከ1ም በፊት የዶላር ምልክት ማስገባት ነው (ምልክቱ አድራሻው ሲገለበጥ እንዳይለወጥ ያስረዋል እንጂ ከገንዘብ ጋር ግንኙነት የለውም)። ቀመሩ የሚገለበጠው ወደ ታች ብቻ ከሆነ ግን ረድፉን ማሰር፣ ማለትም ከ1 በፊት ያለው ምልክት፣ ብቻውን ይበቃል።