የመለኪያዋ ጣጣ

ውፍረት ለመቀነስ ጨጓራዬን ላስቆርጥ ስል ዶክተሩ «ረሃብ የሚባለውን ነገር ትረሳዋለህ» ብሎኝ ነበር። ማስረጃም ነበረው። በዚህ ቀዶ ጥገና ከጨጓራ ከ75 እስከ 80 በመቶው ተቆርጦ ይወጣል። የሚቀረው ሙዝ የምታክል ቀጭን ቱቦ ናት። «ራበኝ» የሚያሰኘው ግሬሊን የሚባል ሆርሞን ደግሞ በብዛት የሚመነጨው ከዚያው ተቆርጦ ከሚጣለው ክፍል ነው። እና ሆርሞኑ ከሌለ ረሃቡ ከየት ይመጣል?

ከጎረቤት። በአጥር በኩል ነው የሚመጣው።

የተሠራሁት አዲስ አበባ ነው። በአውሮፕላን ኮምቦልቻ ወረድኩ፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ ሆዴን በትራስ ደግፌ ወጣሁ፣ ደሴ እናቴ ቤት ገባሁ። ጊዜው ሁዳዴ ነበር። አገር ሁሉ ሲጾም የኔን አለመብላት ማን ያውቀዋል ብዬ ደስ አለኝ። ለካስ ጾመኛ ሰፈር የሚሸተውን ያህል ፋሲካም አይሸትም። ስምንት ሰዓት ሲሆን ከግራ ሽንኩርት ይቁላላል። ከቀኝ ሽሮ ይንተከተካል። ነጭ ሽንኩርቱ መስኮት ብዘጋበት በበር ይገባል።

ሆስፒታል የሰጡኝ ወረቀት አጭር ነው። ለጊዜው የጠራ ፈሳሽ ብቻ። ውሃ፣ ስኳር የሌለው ቀጭን ሻይ፣ በጨርቅ የተጠለለ ሾርባ። በአንድ ጊዜ 30 ሚሊ ሊትር፣ ቀስ ተብሎ። አምቦ ውሃ የለም። በስትሮ መምጠጥ የለም። ቡና የለም። ይቺን የመጨረሻዋን የጻፈው ሰው ወሎን የሚያውቅ አይመስለኝም።

ነርሷ ስትሸኘኝ አንድ ነገር ነግራኛለች። የሆድ ረሃብ ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ያገኘውንም ይቀበላል። የጭንቅላት ረሃብ ግን ድንገት ነው የሚመጣው፣ ስም ጠርቶም ያዝዛል። የኔው «ከሰኞ ገበያ ከፍ ብሎ ካለው ቤት፣ ዱለት፣ ለብ ለብ ተደርጎ፣ ሚጥሚጣው ጠንከር ይበል» ይላል። ሆዴ ሲያጉረመርም ደግሞ አሲድ ሊሆን ስለሚችል ተብሎ ኦሜፕራዞል ተሰጥቶኛል። ስለዚህ የሚርበው ወይ ጭንቅላቴ ነው ወይ አሲዱ። እኔ በግሌ አልተራብኩም ማለት ነው። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ በዚህ ተጽናኑ እስቲ።

እማዬ ቀዶ ጥገናውን ምስጢር አደረገችው። «አምሮበት የወፈረ ልጇ ብር ከፍሎ ሆዱን አስቆረጠ ይበሉኝ?» አለች። ለሰፈሩ «ትንሽ አሞት ነው» ተባለ። ደሴ ላይ ትንሽ አሞት ነው ከተባለ ያው በር አይዘጋም ማለት ነው።

ጉዱ የጀመረው 30 ሚሊ በምን ይለካ ሲባል ነው። ከሆስፒታል የሰጡኝ ምልክት ያላት የፕላስቲክ ኩባያ መንገድ ላይ ጠፍታለች። እማዬ ቡፌውን ከፈተች፣ ከአባቴ የቀረችውን የአረቄ መለኪያ አወጣች። ጎኗ ላይ ቀይ አበባ ተስሎባታል። ከፋርማሲ በገዛነው ስሪንጅ ውሃ ለክተን ብንጨምርባት 30 ሚሊ ልክ አበባዋ ሥር ቆመ። እማዬ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

ቀጥሎ ሾርባ። ለቁስል ማዳኛ ፕሮቲን ያስፈልጋል ተብሏል፣ ስለዚህ ዶሮ። በሁዳዴ! እማዬ ዶሮዋን በዘንቢል ከታ፣ ጎመን ከላይ ደርባ ከገበያ አስገባቻት። ሌሊት ተቀቀለች። ሽታዋ እንዳይወጣ አዶክርቤ ተጨሰ። ውሃው በነጭ ጨርቅ ሦስቴ ተጠልሎ ወርቅማ ሆኖ ሲጠራ፣ ቤት የተገኘ የጂን ጠርሙስ ውስጥ ተገለበጠና አልጋዬ ሥር ገባ። የጂኑ ወረቀት ግማሹ ብቻ ነው የተላጠው። የደሴ ብርድ ስላለ ፍሪጅ አላስፈለገም። ሥጋው የት እንደገባ ታናሽ ወንድሜን ጠይቁት።

አሁን በጎረቤት ዓይን እዩት። በር ይንኳኳል። እማዬ «ደብቀው! ደብቀው!» ትላለች። ጠርሙሱ እየተንከባለለ አልጋ ሥር ይገባል። ቤቱ በጭስ ታፍኗል። እኔ አፌን በእጄ ጠርጌ ለሰላምታ ብድግ ስል ይዞርብኛል፣ ግድግዳ እይዛለሁ። ፈሳሽ የቀነሰበት ሰው ድንገት ሲነሳ እንደዚያ ያደርገዋል። ከዚያ ስቅታ። የተቆረጠ ጨጓራ ትንሽ ከፈጠኑበት ሞላሁ የሚለው በስቅታ ነው፤ በግሳትም ነው። በርጩማው ላይ ደግሞ መለኪያዋ ቁጭ ብላለች።

ጓሮ ያሉት እትዬ መጀመሪያ ያዩት ይህንን ነው። መለኪያዋን አዩ፣ እኔን አዩ፣ «አይዞህ ልጅዬ፣ ሁሉም ያልፋል» ብለው ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ቡና ሳይጠጡ ወጡ። እትዬ ቡና ሳይጠጡ ከቤታችን ሲወጡ አይቼ አላውቅም።

እኔ ምን አውቄ። ደም እንዳይረጋ በየቀኑ በእግር ተንቀሳቀስ ስለተባልኩ ዳገቱን ቀስ እያልኩ እወጣለሁ። በቀዶ ጥገናው ጊዜ ሆዴን የነፉበት ጋዝ ትከሻዬን ይወጋኛል፣ ስለዚህ ወደ ግራ ዘንበል ብዬ ነው የምሄደው። በሁዳዴም የማይዘጋ የሙስሊም ልኳንዳ ጋ ስደርስ የመብራት እንጨቱን ይዤ ትንሽ እቆማለሁ። ለማሽተት። ሽታ ወረቀቱ ላይ አልተከለከለም። አንድ ቀን አይጠየፍ ድረስ ሄጄ፣ ንጉሥ ሚካኤል ግብር ያበሉበት አዳራሽ ፊት ቆሜ፣ እዚህ ውስጥ ስንት ሰንጋ ተበልቶ ይሆን እያልኩ ሳሰላ ምራቄን ዋጥኩ። እሱንም ከ30 ሚሊዬ ላይ ቀነስኩት። ያየኝ ሁሉ «በቀን ሰክሮ እየተንገዳገደ ነው፣ ጉበቱን ጨርሶት ነው አዲስ አበባ የከረመው» ሲል እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው።

እሑድ ሽማግሌ መጣ። የእድራችን ዳኛ፣ ጎረቤታችን ሐጂ እና እትዬ። እማዬ ቡና አፈላች። ተመረቀ፣ ስለ ዝናብ ተወራ፣ ስለ ጤፍ ዋጋ ተወራ። ከዚያ ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጃችን፣ ነገሩን ሰምተናል። መቼም ምስጢር አይደበቅም።»

እማዬ ነግራቸዋለች ብዬ ደነገጥኩ፣ ግን ደግሞ ቀለለኝ። «ከሰማችሁማ ምን እላለሁ። ልክ አጥቼ ነው ጋሼ» አልኩ።

«መቼ መቼ ነበር?»

«ጠዋትም ማታም ነበር። ሌሊት ተነስቼም ጭምር።»

እትዬ ደረታቸውን መቱ።

«ከጓደኛ ጋር ነው ብቻህን?»

«ብቻዬን ስሆን ይብስብኛል።»

«አሁንስ ተውክ?»

«ሐኪሙ በመለኪያ ፈቅዶልኛል።»

«ሐኪም?» አሉ ሐጂ። «የቱ ሐኪም ነው እሱ?»

«ትልቅ ስፔሻሊስት ነው ሐጂ። በየሩብ ሰዓቱ አንድ አንድ፣ ቀስ እያልክ ነው ያለኝ።»

ዳኛው ስኒያቸውን አስቀመጡ። «በቀን ስንት መለኪያ ይደርሳል?»

ሊትር ተኩል ለ30 በቃሌ አካፈልኩ። «ሃምሳ ከሞላሁ ጎበዝ ነህ ተብያለሁ» አልኩ። «እስካሁን ግን አልሞላሁም። ግማሹ ላይ ያጥወለውለኛል።»

ሐጂ «አዑዙ ቢላህ!» ብለው ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ። በዚህ መሀል ስቅታዬ መጣ። ሰዓቱን ጠብቆ የሚመጣ ይመስላል።

እትዬ ከዚህ በላይ አልቻሉም። ተነሱ፣ በጉልበታቸው ተንበረከኩ፣ እጃቸውን አልጋዬ ሥር ሰደው ጠርሙሱን አወጡ። የተላጠው ወረቀት፣ ወርቅማው ፈሳሽ፣ ሁሉም ነገር ፀሐይ ላይ ወጣ። ለዳኛው ሰጧቸው። ሐጂ እንዳይነካቸው ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። ዳኛው ክዳኑን ፈትተው አሸተቱ። ደግመው አሸተቱ። ግንባራቸው ተኮማተረ።

«ይሄ… ዶሮ ነው» አሉ።

ጸጥ አለ። ከዚያ ሐጂ ሳቁ። «አልሐምዱሊላህ! ዶሮ ነው! ልጁ ዶሮ ነው የሚጠጣው!» እያሉ ጉልበታቸውን ይመታሉ። ዳኛው ጠርሙሱን ለመሬት ለማስነካት የፈሩ ይመስል በሁለት እጃቸው ይዘው ቀሩ። እኔም ተገላገልኩ ስል እትዬ ቀና አሉ።

«ዶሮ? በሁዳዴ?»

እማዬ ጀበናውን ታስተካክል ጀመር።

«ኧረ በመድኃኔዓለም!» አሉ እትዬ። «አረቄው ይሻል ነበር! እሱስ ጾም አይገድፍም!»

እማዬ ይኼኔ ምስጢሩን አፈረጠችው። ከቆረጣው እስከ ዋጋው። ዳኛው የሰሙትን ማመን አቃታቸው። «ሆድህን ቆርጠው ጥለው፣ ከፋዩ አንተ ነህ?» አሉኝ። ያንን ጥያቄ እስከ ዛሬ በደንብ አልመለስኩትም።

በዶሮው ጉዳይ ጠበቃ የቆሙልኝ ሐጂ ናቸው። «የታመመ ሰው ጾም አይያዝበትም፣ በእኛም በእናንተም» አሉ። እትዬ «ለታመመም ቢሆን ንስሐ አባቱ ሊያውቁ ይገባል፣ 55 ቀን ቀላል ነው?» አሉ። ሐጂ መለሱ። እትዬ መለሱ። አቦል አለቀ፣ ቶና አለቀ፣ በረካ ላይ ሲደርሱ ንስሐ አባቴ እንዲጠየቁና እስከዚያ ዶሮዋ እንድትቆም ተስማሙ። ሆዱ የኔ ነው፣ ድምፅ ግን አልተሰጠኝም። የቡናው ሽታ ደግሞ አፍንጫዬ ሥር ነው።

በማግስቱ በጠዋት እትዬ ከነድስታቸው መጡ። የምስር ውሃ፣ ዘይት ጠብ ያላለበት፣ በሻሽ የተጠለለ። ድስቱ አምስት ሊትር ይይዛል። በጭንቅላቴ ለ30 አካፈልኩት። 166 መለኪያ፣ ትራፊም አለው።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ብዙ ቀን ይፈጃል» አልኩ።

«ምን ቸኮልኩ» አሉ። በርጩማውን ወደ አልጋዬ ሳቡ፣ ነጠላቸውን አጣፉ፣ ወንድሜን ጠሩትና መለኪያዋን አቀበሉት።

«ቅዳለት።»