አለርጂ ብዬ የጠራሁት ጾም

ዓርብ ከሰዓት ነበር፤ ሰኞ ዓቢይ ጾም ይገባል። በመምህራን ክፍሉ መሐል የነጭ ጋዝ ማሞቂያው ይነዳል፣ ከላዩ የተጣደው ማንቆርቆሪያ ይንተከተካል፣ ውጭ በረዶው የአጥሩን ግማሽ ውጦታል። ጠዋቱን ሙሉ በልቤ ስለማመደው የዋልኩትን አንድ የጃፓንኛ ዓረፍተ ነገር ይዤ ወደ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ጠረጴዛ ሄድኩ።

«ከሰኞ ጀምሮ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል መብላት አልችልም። አለርጂ ነው።»

እስክሪብቷቸውን አስቀመጡና ተነሡ። እኚህ ሰው በስብሰባ ላይ እንኳ ቶሎ የሚነሡ አይደሉም።

ይህ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ነሐሴ ወር የውጭ አገር ሰዎችን ለጃፓን ትምህርት ቤቶች በሚቀጥረው የጄት ፕሮግራም ረዳት የእንግሊዝኛ መምህር ሆኜ በሰሜን ጃፓን ያማጋታ ውስጥ፣ ከጹሩኦካ ከተማ ብዙም የማይርቅ አንድ ትንሽ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመደብኩ። ተማሪዎቹ በሙሉ ተደምረው ወደ አርባ ይሆናሉ። እኔ አዲስ አበባ ተወልጄ ሜሪላንድ ያደግኩ ነኝ፤ የተቀጠርኩትም በአሜሪካ ፓስፖርቴ ነው። ወተትና ሥጋ ያለበትን የትምህርት ቤት ምሳ ከነሐሴ እስከ የካቲት መጨረሻ እንደ ሌላው ሰው በልቻለሁ። ረቡዕና ዓርብን አልጾምኩም፣ የገናንም ጾም አሳለፍኩት። ሁዳዴን ግን እምቢ አልኩ። እናቴ ስልክ ደውላ «ዘንድሮስ?» ስትለኝ «እጾማለሁ» አልኳት፤ ከልቤም ነበር።

«አለርጂ በል» ያለኝ በአጎራባች ከተማ የሚያስተምር፣ ከእኔ በፊት ሦስት ዓመት የቆየ ባልደረባ ነው። «ሃይማኖት ካልክ ስብሰባ ይጠራሉ፣ የትምህርት ቦርዱ ይጠየቃል፣ ወር ይፈጃል። አለርጂ ካልክ ግን ማንም ሁለተኛ አይጠይቅህም» አለኝ። እንደ ባለሙያ ነበር የሚናገረው። ሦስት ዓመት ሙሉ አብረውት የሚውሉትን ሰዎች በዚህ መንገድ ነው የሚያውቃቸው። እኔም ምክሩን የወሰድኩት ስለተመቸኝ ነው። ከየት እንደመጣሁ፣ አሜሪካዊ ሆኜ እንዴት ኢትዮጵያዊ እንደምሆን፣ ፀጉሬ ለምን እንዲህ እንደሆነ ሰባት ወር ሳስረዳ ከርሜ ነበር፤ በዚያ ላይ ጾምን ማስረዳት ተራራ ሆኖ ታየኝ።

ሁለተኛ የማይጠየቅበት የተባለውን ቃል ከተናገርኩ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አራት ሰው ጠረጴዛዬን ከበበው፤ ርዕሰ መምህሩ፣ ምክትላቸው፣ የጤና ክፍሏ መምህርትና የወጥ ቤቱ ኤይዮሺ፣ ማለትም የምሳውን ዝርዝር የሚያወጡት የሥነ ምግብ ባለሙያ። ከመቼ ጀምሮ? ማን መረመረዎት? ጉሮሮዎ ተዘግቶ ያውቃል? ኤፒፔን (ለአለርጂ የሚወጋ የድንገተኛ መርፌ) ይዘዋል? የጤና ክፍሏ መምህርት ቅዳሜ በራሷ መኪና ሆስፒታል ልትወስደኝ ተነሣች። ለእያንዳንዱ ጥያቄ መልስ ፈጠርኩ። «በቅርቡ ነው የጀመረኝ፣ ቀላል ነው፣ ራሴ ሄጄ እታከማለሁ» አልኩ።

ጃፓን ትምህርት ቤት ውስጥ የሠራ ሰው የዚህ ጥድፊያ ምክንያት ይገባዋል። በዲሴምበር 2012 ቶኪዮ ውስጥ፣ ቾፉ ከተማ፣ የወተት አለርጂ የነበረባት የአምስተኛ ክፍል ልጅ ከትምህርት ቤቱ ምሳ ተጨማሪ ጠይቃ፣ አይብ የገባበት ቂጣ ተሰጥቷት ሞታለች። ከዚያ ወዲህ በየትምህርት ቤቱ ቅጹ፣ ድርብ ቁጥጥሩ፣ የመርፌ ልምምዱ እጅግ ጠብቋል። ይህን ታሪክ እኔም ሥራ ስጀምር በተሰጠን ሥልጠና ላይ ሰምቼዋለሁ።

ኤይዮሺዋ ግን ምንም አልጠየቁም ነበር። ሃምሳዎቹን ያለፉ ሴት ናቸው፤ ነጭ ጋዋንና ነጭ ቆብ እንዳደረጉ፣ እጃቸው ከሙቅ ውሃ ገና ወጥቶ እንደቀላ፣ ከሌሎቹ ኋላ ቆመው ያዳምጣሉ። ሌሎቹ ሲበተኑ ቀረብ አሉና እጃቸውን ከፊት አጣጥፈው ከወገባቸው ጎንበስ አሉ። ረጅም ነበር። ማሞቂያው ላይ ያለውን የማንቆርቆሪያ ድምፅ እየሰማሁ ቆምኩ።

«ሳናውቅ ይህን ሁሉ ወር ስናበላዎት ቆይተናል። በጣም ይቅርታ» አሉኝ።

እኔም ጎንበስ አልኩ። «አይደለም፣ የእርስዎ ጥፋት አይደለም» አልኩ እንጂ እውነቱን አልተናገርኩም። ያኔ ብናገር ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር፤ ክፍሉ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ከሁሉ አብልጦ የሚቆጨኝ ይህ ቅጽበት ነው። በሙያቸው የሚኮሩ ሴት ባላጠፉት ጥፋት አንገታቸውን ሲደፉልኝ ዝም ብዬ ተቀበልኩ።

ሰኞ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ ወረቀት ጠበቀኝ። የመጋቢት ወር የምሳ ዝርዝር ነው፤ የሚወጣው ነገር ሁሉ በቢጫ ተቀልሟል፣ ከጎኑ የሚተካው በእጅ ጽሑፍ ተጽፏል። ከሥሩ ሌላ ጥራዝ ተያይዟል፤ ከነሐሴ ጀምሮ የበላኋቸው ከመቶ በላይ ምሳዎች፣ ወተት፣ እንቁላልና ሥጋ ያለባቸው ቀናት አንድ በአንድ ተሰምሮባቸው። ከላይ አጭር ማስታወሻ አለ፤ «ከእነዚህ ቀናት በአንዱ ሕመም ተሰምቶዎት ከነበረ ቢነግሩኝ።» ቅዳሜና እሑዳቸውን የፈጁት በዚህ ነው።

ምሳው ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ትምህርት ቤቱ ትንሽ ስለሆነ ሁሉም በአንድ አዳራሽ ነው የሚበላው፤ ነጭ ሽርጥ ያሰሩ ልጆች ይቀዳሉ፣ በአንድ ድምፅ «ኢታዳኪማስ» ይባላል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየቱን ለጾሙ አልቻልኩበትም፤ ከልጆቹ ጋር መብላት የሥራዬ አካል ነው። የእኔ ትሪ ያን ቀን ሰማያዊ ነበር፤ በስስ ላስቲክ ተሸፍኖ ስሜ ተለጥፎበታል። በአዳራሹ እስከዚያ ዕለት አንድ ሰማያዊ ትሪ ብቻ ነበር፤ የእንቁላል አለርጂ ያለበት የሦስተኛ ክፍል ልጅ። ከረድፉ ጫፍ፣ ከጤና ክፍሏ መምህርት አጠገብ ይቀመጣል። የተረፈ ጣፋጭ ሲኖር ልጆቹ በጃንኬን እጣ ሲጣጣሉ እሱ ከቦታው ሆኖ ያያል፤ ተጨማሪ መውሰድ አይፈቀድለትም።

ትሪዬን አየና ወንበሩን ጎትቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ሴንሴይም?» አለኝ፤ መምህሩም ወይ ማለቱ ነው።

«እኔም» አልኩት።

ፊቱ እንዴት እንደበራ መጻፍ ይከብደኛል። ወዲያው ደንቡን ያስተምረኝ ጀመር። ከሌላ ሰው ሳህን አይቀመስም። ተጨማሪ አይጠየቅም። ከንፈር ካሳከከ እስኪያልፍ አይጠበቅም፣ ወዲያው መናገር ነው። የእሱ ኤፒፔን በጤና ክፍሉ ሁለተኛ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ብቸገር ልውሰደው እችል እንደሆነ እንደሚጠይቅልኝ ነገረኝ። ማክሰኞም ወንበሩን ይዞ መጣ። ለእናቱ ስለ እኔ እንደነገራትም ነገረኝ።

ማክሰኞ ሌሊት አልተኛሁም። እናቴ ጋ ደውዬ ስነግራት ብዙ አልተቆጣችም። «ታዲያ ወተቱን ብትጠጣው አይሻልም ነበር?» አለችኝ ብቻ።

ረቡዕ ከምሳ በኋላ ወደ ወጥ ቤቱ የኋላ በር ሄድኩ። ኤይዮሺዋ ማንኪያ እየቆጠሩ ነበር። በተሰባበረ ጃፓንኛዬ ሁሉንም ተናገርኩ፤ አለርጂ እንደሌለብኝ፣ የእምነቴ ጾም እንደሆነ፣ ሃምሳ አምስት ቀን እንደሆነ። ቆጠራቸውን አቋርጠው ጓንታቸውን አወለቁ።

«ሕመም የለም?»

«የለም።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

ትከሻቸው ዝቅ ሲል አየሁት። «እንግዲያው ያበላሁዎት ነገር ሁሉ አልጎዳዎትም» አሉ። ቁጣቸውን ነበር የጠበቅኩት፤ እሳቸው ግን ከዓርብ ጀምሮ የተሸከሙትን ነው መጀመሪያ ያወረዱት። ከዚያ ወደ እኔ ቀና ብለው፣ ድምፃቸው ጠንከር ብሎ፦

«ሾጂን ነው ማለት ነው። ሾጂን ነው ቢሉኝ ኖሮ ይገባኝ ነበር። ሀጉሮ እኮ እዚያ ነው» አሉና በአገጫቸው መስኮቱን አመለከቱኝ።

ይህ ደግሞ መልስ የሌለው ነበር። ሾጂን ሥጋና ዓሣ የማይገባበት የቡድሃ መነኮሳት ምግብ ነው። የሀጉሮ ተራራ የዚህ አገር ሰው ለዘመናት የሚሳለመው ቦታ ነው፤ በጥቅምት ራሴ 2446ቱን የድንጋይ ደረጃ ወጥቼ፣ ከሥሩ ባሉት የመንገደኛ ማደሪያዎች በአንዱ የሰሊጥ ቶፉ፣ እንጉዳይና የተራራ ቅጠል በልቻለሁ። ማታውኑ ለእናቴ ደውዬ «እማዬ፣ እነዚህ ሰዎች የጾም ምግብ ያውቃሉ» ብያታለሁ። በጥር ደግሞ፣ በብሔራዊ የምሳ ሳምንት፣ እኚሁ ሴት በልጆቹ ፊት ቆመው የጃፓን የትምህርት ቤት ምሳ የተጀመረው እዚሁ ጹሩኦካ እንደሆነ ሲተርኩ ሰምቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ1889 በዳይቶኩጂ ቤተ መቅደስ በነበረው ትምህርት ቤት መነኮሳቱ ምሳ ለማይቋጥሩ ድሆች ልጆች ቤት ለቤት እየዞሩ ለምነው የሩዝ ድብልብል፣ የተጠበሰ ሳልመንና የተቀመመ አትክልት አበሏቸው። ያን ሲናገሩ እኔ የቆሎ ተማሪ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ይታየኝ ነበር፤ እኛ ዘንድ ተማሪው ይለምናል፣ እዚህ መነኩሴው ለተማሪው ለመነ። ይህን ሁሉ እያወቅኩ ነው እነዚህ ሰዎች ጾም አይገባቸውም ብዬ የፈረድኩት።

«ዓሣስ?» አሉኝ። በየሾርባው የሚገባው ዳሺ ከደረቀ ዓሣ ነው የሚወጣው።

«ሰው ይለያያል። በእናታችን ቤት አይበላም» አልኩ።

«በኮንቡ አወጣዋለሁ» አሉ፤ ኮንቡ የባሕር ቅጠል ነው። አያስፈልግም፣ ከቤት ቋጥሬ እመጣለሁ ብዬ ለመንኳቸው፤ እንዳልሰሙ ሆኑ። «የአለርጂውን ወረቀት ከትምህርት ቦርዱ እኔ አስመልሳለሁ። ለልጁ ግን እርስዎ ይንገሩት። እኔ አልነግርልዎትም።»

ርዕሰ መምህሩ ሲነገራቸው ጾሙ መቼ እንደሚያልቅ ብቻ ጠየቁኝ፤ ምክትላቸው ደግሞ ሰሌዳው ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ ኤፕሪል 28 ላይ ስሜንና «ፋሲካ» የሚለውን ቃል ጻፉ። የተፈራው ስብሰባ ይኸው ነበር። በተናገርኩት ውሸት ምክንያት ግን ቢያንስ ሦስት ሰው ቅዳሜና እሑዱን አጥቷል።

ሐሙስ ልጁ ወንበሩን ይዞ መጣ። ትሪዬ ያው ሰማያዊ ነው፣ ስሜ ተለጥፏል። አለርጂ እንደሌለብኝ፣ ዋሽቼው እንደነበር፣ የማልበላው ለጸሎት ብዬ እንደሆነ ነገርኩት። ለሕፃን ይቅርታ የሚጠየቅበትን ትክክለኛ ቃል ከመዝገበ ቃላት ፈልጌ ነበር። ሩዙን እያኘከ አሰበበት።

«ሲያልቅ እንቁላል ይበላሉ?»

«አዎ።»

ሌላ ነገር አላለም። ዓርብ ወንበሩ ጫፉ ላይ ነበር። ሰኞም እንዲሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ በሩቁ ሰላም እየተባባልን በላን፣ ከዚያ የትምህርት ዓመቱ ተዘጋ። በኤፕሪል አራተኛ ክፍል ገባ፤ ትሪዎቻችን ያው ሰማያዊ ናቸው፣ ወንበሩ ግን አልመጣም።

ፋሲካ የዋለው አዲሱ ንጉሠ ነገሥት በሜይ 1 ስለሚነግሡ አገሩ በሙሉ አሥር ቀን ዕረፍት በወጣበት ጊዜ ነው። እናቴ በስልክ እያዘዘችኝ፣ ከሜሪላንድ በላከችው በርበሬ፣ ትንሿ ማብሰያ ቤቴ ውስጥ ዶሮ ሠራሁ። ሜይ 7 ትምህርት ቤት ሲከፈት ትሪዬ እንደ ሁሉም ሰው ነጭ ሆኖ፣ ወተቱም ከጎኑ ቆሞ ጠበቀኝ። ኤይዮሺዋ በወጥ ቤቱ መስኮት ብቅ ብለው አዩኝና ራሳቸውን ነቀነቁ። ተቀምጬ ሳለ አጠገቤ ወንበር ተጎተተ። ሰማያዊውን ትሪ አስቀመጠና፣ ላስቲኩን ሳይገልጥ፦

«በሉት?»

«በላሁት።»

«ምን ምን ይላል?»

እሱ በሕይወቱ እንቁላል ቀምሶ አያውቅም። የወጥ ውስጥ እንቁላል መሆኑን፣ ነጩ ቀይ ወጡን ጠጥቶ ቀለሙ እንደሚለወጥ፣ ሲነከስ ለስለስ ብሎ እንደሚላቀቅ፣ መሐሉ ደግሞ ቢጫና ደረቅ ሆኖ በምላስ ላይ እንደሚፈረፈር፣ በማውቀው ጃፓንኛ ሁሉ ነገርኩት። ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠኝ።

«እንደ ድንች?»

«መሐሉ፣ ትንሽ እንደ ድንች።»

ራሱን ነቀነቀና ላስቲኩን ከትሪው ላይ ገለጠ።