ግራው ወይስ ቀኙ?

ካቻምና ሰኔ ነው። ሚስቴ ቡና ስትቀዳልኝ ቀና ብላ አየችኝና «ዓይንህ እርድ መስሏል» አለች። ሽንቴ ከጠቆረ ሰንብቷል፤ ሌሊቱንም ስፎክት ነበር የማድረው። ደሴ መካሪ ሞልቷል። አንዱ የወፍ በሽታ ነው አለኝ፣ ሌላው ቅጠል ጨምቆ አመጣ። (ያን ቅጠል ሳስበው አሁንም አፌ ይመረኛል።)

አዲስ አበባ ሄጄ በኤምአርአይ ስታይ የሐሞት ቱቦ ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ ወረቀት ላይ ባላ እንጨት ሣለልኝ። ከቀኝና ከግራ ጉበት የሚመጡት ቱቦዎች የሚገናኙበት ባላ ላይ፣ ወደ ግራ ጠጋ ብሎ ተቀምጧል። ቱቦውን ብቻ ማውጣት አይበቃም፤ ጉበትም አብሮ መቆረጥ አለበት። ጭንቁ የቱ ወገን የሚለው ነበር።

ግራው ከወጣ ትልቁ ቀኝ ይተርፈኛል። ግን ቀኙን የሚመግበው የደም ሥር በዕጢው ጀርባ ነው የሚያልፈው። ዕጢው ከያዘው መውጣት ያለበት ቀኙ ነው፤ የሚቀረኝም ሲሦ አይሞላ ይሆናል። እንደኔ ቢጫ ሆኖ ለከረመ ጉበት ደግሞ ከ30 እስከ 40 በመቶ ካልተረፈ ያሰጋል። ያኔ ወደ ቀኙ የሚሄደውን ደም ቀድመው ይዘጉና ግራው እስኪያድግ ሳምንታት ይጠበቃል። ጉበት እንደሚያድግ የሰማሁት ያን ቀን ነው!

በቀጭን ቱቦ ሐሞቱን ወደ ውጭ እያፈሰሱልኝ፣ ከረጢቱን ጋቢዬ ሥር ይዤ ቢጫው እስኪለቅ ቤቴ ከረምኩ። ለግሸን ማርያም ተሳልኩ። «እመብርሃን፣ ይህን ቁረጡ በያቸው አልልሽም። ያቺን የደም ሥር ብቻ ጠብቂልኝ።» ጎረቤታችን ሐጂ ደግሞ ቡና አስፈልተው ዱዓ አደረጉልኝ። «አብሽር» አሉኝ። ወሎ አይደል፣ ለአንድ በሽተኛ በሁለት ደጅ ይለመናል።

ነሐሴ ላይ ተኛሁ። «እርግጡ ሲከፈት ነው የሚታወቀው» ብለው ነበር ያስገቡኝ። ስነቃ ሐኪሙ አጠገቤ ቆሟል። የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ግራው ነው ቀኙ?» ነበር።

«ግራው። ሥሩ አልተነካም።»

እንባዬ ወደ ጆሮዬ ወረደ፤ ሆዴ ተሰፍቶ ማልቀስስ መች ይቻላል። ኋላ የላቦራቶሪው ውጤትም የተቆረጠበት ጠርዝ ንጹሕ ነው አለ። ለጥንቃቄ 6 ወር የኬሞ ኪኒን ዋጥኩ፤ ክትትሉ አሁንም አለ።

ዘንድሮ መስከረም 21 ስለቴን አደረስኩ። የግሸንን ዳገት ሦስት ቦታ ተቀምጬ ወጣሁት። ሦስተኛው ላይ ሚስቴ አገጬን ይዛ ፊቴን ወደ ፀሐይ አዞረችና ዓይኔን አየችው።

«ነጭ ነው፣ ተነሥ» አለችኝ።