ቃሊቲ ወርደን የተመለስን ቀን

ቅዳሜ ጠዋት ከብሎካችን 20 ሰው ሆነን በአንድ ሃይገር ቃሊቲ ወረድን። ከጎረቤት ጋር ለሠርግና ለለቅሶ ስንት ጊዜ ተጉዣለሁ። የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ለማየት ስሄድ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ነገሩ የመጣው ከክረምቱ ጣጣ ነው። የግቢያችን ማንሆል ሦስት ጊዜ ገነፈለ። ምድር ቤት ያሉት እማማ ቤት ድረስ ገብቶ ምንጣፋቸውን አስጣላቸው። ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ጣት መቀሳሰር ሆነ። ሁሉም የላዩን ፎቅ ይወቅሳል። በመጨረሻ ከኮሚቴው አንዱ "ከምንጨቃጨቅ እስቲ የት እንደሚሄድ ሄደን እንየው" አለ። ደብዳቤ ጻፍን፣ ተፈቀደልን።

ከመኪና ስንወርድ ሁላችንም ነጠላና ሻርፓችንን አፍንጫችን ላይ አደረግን። ሽታው አለ። ግን እውነቱን ለመናገር በሐምሌ የእኛ ግቢ ይብስ ነበር።

ያስጎበኘችን ወጣት መሐንዲስ ናት። መጀመሪያ የጠየቅናት "ለምን ቃሊቲ?" ብለን ነው። እጇን ወደ ሰሜን ዘረጋች። ከእንጦጦ ጫፍ እስከዚህ 1,000 ሜትር ያህል ቁልቁለት ነው። ውሃ ደግሞ ቁልቁለት ካገኘ ገፊ አይፈልግም። ከልደታ አካባቢ የእኛ ፍሳሽ በቱቦ ውስጥ በራሱ እየወረደ እዚህ ይደርሳል። የከተማዬን ዳገት እስከ ዛሬ የማውቀው በጉልበቴ ነበር።

በእኛ አቆጣጠር በ1970ዎቹ እዚህ የነበሩት ኩሬዎች ናቸው። በቀን 7,500 ሜትር ኩብ እንዲይዙ ነበር የተሠሩት። እ.ኤ.አ. በ2018 የተመረቀው አዲሱ ጣቢያ 100,000 ሜትር ኩብ የማጣራት አቅም አለው። በልቤ ወደ ጀሪካን ቀየርኩት። በባለ 20 ሊትሩ 5 ሚሊዮን ጀሪካን፣ በየቀኑ!

ወንፊቱ ጋ ስንደርስ ግን ወሬው ቆመ። ፍሳሹ ሲገባ መጀመሪያ የሚያገኘው የብረት ወንፊት ነው። ቦት ጫማ ያደረገ ሠራተኛ በረጅም መቧጠጫ የተያዘውን ያወጣል። "እናቴ፣ ቀስ ይበሉ፣ ያንሸራትታል" አላቸው ለእማማ። ከዚያ ያወጣውን ዘርግቶ አሳየን። ፌስታል። አብጦ የተተረተረ ዳይፐር። አንድ እግር የሕፃን ካልሲ። እንደ ሞራ የረጋ ዘይት። ከሁሉም የበዛው ዋይፕስ፣ ያ እርጥቡ የሕፃን መጥረጊያ ነው። እርስ በርሱ ተጠላልፎ እንደ ገመድ ተገምዷል። ሶፍት በመንገድ ላይ ይበጣጠሳል፣ ይሟሟል። ዋይፕስ ግን አይበጠስም። ዘይቱን ይዞ ቱቦ ውስጥ ይወተፋል። ከዚያ ማንሆል ይገነፍላል።

ፊቴ ጋለ። የልጄን ዋይፕስ ሁለት ዓመት ሙሉ ሽንት ቤት ስጥል ኖሬያለሁ። ውሃ ለቀቅኩበት፣ ሄደ፣ አለቀ። ስብሰባው ላይ አራተኛ ፎቆችን ጮክ ብዬ የወቀስኩትም እኔው ነኝ። ሰውየው ማንንም አልወቀሰም። ገመዱን በመቧጠጫው ጠቅልሎ ወደ ጋሪው ጣለና ወደ ሥራው ተመለሰ። ስሙን እንኳን አልጠየቅኩትም። እስካሁን ይቆጨኛል።

ቀጥሎ ትልልቆቹን የኮንክሪት ገንዳዎች አየን። ፍሳሹ የሚገባው ከታች ነው። አየር በሌለበት፣ በባክቴሪያ በተሞላ ወፍራም ዝቃጭ ውስጥ እያለፈ ወደ ላይ ይወጣል። ባክቴሪያዎቹ ቆሻሻውን ይበሉታል፣ ጋዝ ይወጣል። ዝቃጩ በአንዴ አይደፋም፣ ለሚቀጥለው ፍሳሽ ይቆያል። መሐንዲሷ ይህንን ስታስረዳ እማማ "እንደ እርሾ ነዋ!" አሉ። ልጅቷ ደስ አላት። "እማማ፣ ከእኔ በላይ አስረዱልኝ" አለቻቸው። እውነትም እርሾ ነው። ከሌላ ቦታ ከመጣ ዝቃጭ ተነስቶ፣ እየተመገበ የሚኖር።

ከዚያ ክብ ገንዳዎች ላይ ረጃጅም የብረት ክንዶች እየዞሩ ውሃውን ይረጫሉ። ውሃው ከሥር በተደረደረው ነገር ላይ ይንጠባጠባል። እሱ ላይ የሚያሟልጭ ልባስ አለ። ያም ሕይወት ያለው ነው። ይኼኛው ደግሞ አየር ይፈልጋል። ዝቃጩ የሚደርቅበትን ሜዳ ፀሐይ ስለበረታብን በሩቁ አይተን አለፍን።

መጨረሻ ላይ ከማጣሪያው የወጣውን ውሃ አየን። የሚጠጣ አይደለም፣ ብርጭቆ ውስጥ ስናየው ግን ከጀርባው ያለው ጣት ይለያል። ይህ ውሃ የሚለቀቀው ትንሿ አቃቂ ላይ ነው። ወንዙን ደግሞ የአዲስ አበባ ሰው ያውቀዋል። ከላይ ከፋብሪካው፣ ከጋራዡ፣ ቱቦ ካልደረሰው ሰፈር ሁሉ ተቀብሎ ጠቁሮ ነው የሚመጣው። ዳር ዳሩን ቆስጣና ሰላጣ የሚጠጣው እሱን ነው። ከዚህ ወርዶ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባል፣ ከዚያ አዋሽ።

እማማ ለረጅም ጊዜ ወንዙን አዩት። "ታዲያ እዚህ ውስጥ ሊገባ ነው ይህን ሁሉ የለፋችሁት?" አሏት።

መሐንዲሷ ትንሽ ዝም አለች። "እናቴ፣ በእኛ በኩል የመጣው ቢያንስ አልጨመረበትም" አለቻቸው።

ሃይገሩ ጥሩምባ ሲነፋ እማማ አልተንቀሳቀሱም። እኔም አጠገባቸው ቆምኩ። ጥርት ያለው ውሃ ጥቁሩን ዳር ይዞ ጥቂት እርምጃ ያህል ሳይቀላቀል ሄደ።