ተቀባዩ እናንተ ናችሁ፦ የእንቁጣጣሽ መልእክት ከሐዋሳ

ውድ ወዳጆቻችንና ተከታታዮቻችን፣ እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ!

እንቁጣጣሽ በአውራጅና በተቀባይ የሚገባ በዓል ነው። አንዷ ልጅ «አበባየሁሽ» ብላ ጓደኞቿ «ለምለም» ካላሏት ዘፈኑ እዚያው ይቆማል። በዚህ ሰሞን ሐዋሳ ውስጥ በየሰፈሩና በየአዳራሹ የአካባቢውን ተጫዋቾች ሰብስባችሁ የባህል ምሽት የምታዘጋጁ ብዙ ናችሁና፣ መልካም ምኞታችንን ስለዚሁ ስለ ተቀባዩ በመጻፍ እንገልጻለን። ምሽት የሚደምቀው ወንበር ላይ ያለው ሰው መልሶ ሲዘፍን ነው። መዝፈን አለመዝፈኑ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰነው ገና ከቀኑ 9 ሰዓት፣ አዳራሹ ባዶ ሳለ ነው።

መጀመሪያ ቅኝቱ ይታይ። ዋሽንት አንዴ ከተበሳ ድምፁ አይለወጥም፤ ክራሩና ማሲንቆው ለሱ ይቃኛሉ። ታዲያ የዘፋኙ ጉሮሮ የቻለውን ከፍታ ሕዝቡ አይችለውም። አውራጁ ከሚወደው ዝቅ ያለ ድምፅ ይመረጥ፤ ዋሽንት ነፊውም ረዘም ያለውን ዋሽንት ይያዝ። በጣም ከፍ ብሎ የተጀመረ ዘፈን ላይ ሰው ሁለት ዙር ሞክሮ ዝም ይላል፣ ዝም ካለ በኋላ መመለስ ከባድ ነው። ከትዝታ ቅኝት ወደ አንቺ ሆዬ ቅኝት መሻገር የክራሩን አውታሮች መልሶ መቃኘት ይጠይቃል፤ መድረክ ላይ ያቺ ጥቂት ደቂቃ ረጅም ናት። በአንድ ቅኝት የሚዘፈኑትን አንድ ላይ አስከትሉ፣ ወይም ሁለተኛ ክራር ቃኝታችሁ አስቀምጡ። አዲስ የናይለን አውታር ደግሞ በዕለቱ አይታሰር፤ እስኪለጠጥ ድረስ ድምፁ እየወረደ ያስቸግራል።

መስከረም ሲጠባ የክረምቱ እርጥበት ገና አልለቀቀም፤ በሐይቁ አቅራቢያ ደግሞ ምሽቱ ይብሳል። የማሲንቆ ቆዳ እርጥበት ሲገባው ይረግባል፣ አውታሩን የተሸከመው ብርኩማ ወደ ውስጥ ይሰምጣል፣ ድምፁም ይወርዳል። እንዲህ ረግቦ ሳለ አጥብቃችሁ ከቃኛችሁት፣ አዳራሹ በሰውና በመብራት ሲሞቅ ቆዳው ይወጠርና በዘፈኑ መሐል ከክራሩ ጋር ይለያያል። መጀመሪያ ይሙቅ፣ ከዚያ ይቃኝ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ካለች ከበሮውንም ማሲንቆውንም አሙቋቸው፤ ካልሆነ ከከሰል ምድጃ አንድ ክንድ ያህል አርቃችሁ እያገላበጡ ማሞቅ ይበቃል። የተቻኮለ ሰው እሳቱ ላይ ያስጠጋዋል፣ ቆዳውም ይሰነጠቃል። የደጋኑ ጭራ ዕጣን መታሸቱንም እዩ፤ ያልታሸ ጭራ አውታሩ ላይ ይንሸራተታል እንጂ አያስጮኸውም።

ብዙ ጥሩ ምሽት የሚበላሸው ግን በድምፅ ማጉያ ነው። ስፒከሮቹ ከማይኮቹ ፊት፣ ወደ ሕዝቡ ዞረው ይቁሙ፤ ከኋላ ከሆኑ ማይኩ ይጮኻል። ለክራር ማይኩን ከቆዳው አንድ ስንዝር ያህል ማራቅ ጥሩ መነሻ ነው። ከበሮ በትንሽ አዳራሽ ማይክ አያስፈልገውም፤ ብትሰጡት ሁሉንም ይውጣል። ከዚህ ሁሉ አጥብቀን የምንለምናችሁ፦ ማይክ ለአውራጁ ብቻ ስጡ። መድረክ ላይ ያሉት ተቀባዮች በማይክ ሲቀበሉ፣ የተቀመጠው ሰው ሥራው የተሠራለት ስለሚመስለው አፉን ይዘጋል። ሦስት ድምፀ መልካም ተቀባዮችን ከመድረክ አውርዳችሁ በሦስተኛውና በአምስተኛው ረድፍ ሕዝቡ መሐል አስቀምጧቸው። ጎናቸው ያለው ሰው ሳያውቀው አብሯቸው ይጀምራል። የድምፁን ልክ ለማወቅ መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጣችሁ አጨብጭቡ፤ የራሳችሁን ጭብጨባ ካልሰማችሁ ድምፁ በዝቷል።

ልጆቹና አበባየሁሻቸው ይቅደሙ፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ እንቅልፍ ይጥላቸዋል። የጉራጌ ጭፈራ እግር የሚያደክም ስለሆነ ከሱ ቀጥሎ ጨፋሪዎቹ ትንፋሽ የሚሰበስቡበት የዋሽንት ወይም የማሲንቆ ጊዜ አስገቡ። የሲዳማ ቄጣላ በጠባብ መድረክ ላይ አይሆንም። በኅብረት እየዘለሉ፣ እየተቀባበሉ የሚጫወቱት ነውና የፊት ወንበሮችን አንሱለት። ከተማችን ሌላም የዘመን መለወጫ አላት፤ ጉዱማሌ ላይ የሚከበረው የሲዳማ ፊቼ ጫምባላላ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል። እዚያ ቄጣላውን ያየ ሰው ወንበር ለምን መነሳት እንዳለበት አይጠይቅም። ጭብጨባ ደግሞ ሁልጊዜ መፍጠን ይወዳል፤ ከበሮ መቺው ሕዝቡን ተከትሎ ከሮጠ ዘፋኙ ቃሉን መዋጥ ይጀምራል። ፍጥነቱን የሚይዘው ከበሮው ነው።

አዝማሪው ሲነሳ ነገሩ ይገለበጣል፤ አሁን ግጥም ሰጪው ሕዝቡ፣ ተቀባዩ አዝማሪው ነው። «ተቀበል!» ብላችሁ የምትሰጡት ስንኝ ወል ቤት በሚባለው የግጥም ልክ 12 ቀለም (የድምፅ ክፍል)፣ ስድስት ስድስት ሆኖ የሚሰበር ቢሆን ይቀለዋል። ለምሳሌ፦

ክረምቱ አለፈና / አደዩ ሲበቅል፣
አውራጁም ይጀምር / እኛም እንቀበል።

ሲዘፈን «ቱ» እና «አ» አንድ ሆነው «ክረምታለፈና» ስለሚባል ስድስት ይሞላል። የስንኙ ግማሽ ሰባትና ስምንት ቀለም ከሆነ አዝማሪው ቃል መዝለል ግድ ይሆንበታል፣ ሰሙም ወርቁም ይጠፋል። ስንኙን እስከ ስብራቱ ተናግራችሁ ትንፋሽ ውሰዱ፣ ከዚያ ቀሪውን ጨምሩ። ማይክ በሕዝቡ መሐል ከሚዞር አዝማሪው ራሱ ማሲንቆውን ይዞ ወደ ሰጪው ቢጠጋ ይሻላል፤ ሰው ማይክ ሲጨብጥ ንግግር ያደርጋል።

ሽልማት ማስያዝ ያማረ ልማዳችን ነው። ለሸላሚው በአንድ በኩል ብቻ ወደ መድረክ መውጫ አብጁለት፣ ገመዶቹንም በሌላው በኩል አሳልፉ፤ አለዚያ በደመቀው ሰዓት ገመድ ይረገጥና ድምፁ ይቋረጣል። ግንባር ላይ የሚለጠፈው ብር ግን የክፍያ ምትክ አይሁን። የተጫዋቾቹ ክፍያና ትራንስፖርት ከመድረክ በፊት ይሰጣቸው፣ እራታቸውም ይታሰብበት። የሰፈራችን ልጆች ስለሆኑ በነጻ ይጫወታሉ ማለት ያሳዝነናል፤ ማሲንቆ ለመልመድ ዓመታት የፈጀ ልጅ ከሩቅ ከመጣው ያላነሰ ይገባዋል።

አዘጋጆች፣ ተጫዋቾች፣ በየረድፉ ቁጭ ብላችሁ የምትቀበሉ ሁሉ፣ ዓመቱ የጤና፣ የሰላምና የጥጋብ ይሁንላችሁ። መልካም እንቁጣጣሽ!