የጻቮ አንበሶች፣ ቺካጎ

ቺካጎ ዘመድ ጥየቃ ከሄድኩ አይቀር ብዬ ፊልድ ሙዚየም ጎራ አልኩ። የሚቺጋን ሐይቅ ነፋስ ጆሮ ይቆርጣል። ሰዉ ሁሉ ሱ ወደምትባለው ዳይኖሰር ይጎርፋል። እኔ የፈለግኩት ከኬንያ የመጡትን ሰው በላዎቹን የጻቮ አንበሶች ነው።

ታሪካቸውን ያወቅኩት እ.ኤ.አ. በ1952 ከወጣው «ብዋና ዴቪል» ፊልም ነው። በእንግሊዝኛ ከተሠሩ ባለቀለም ረጅም ፊልሞች የመጀመሪያው ባለ 3ዲ እሱ ነው። ማስታወቂያው አንበሳ ጭናችሁ ላይ ይወጣል እያለ ነበር ሰው የሚጠራው። ሁለት ፕሮጀክተር እኩል ይሠራል፣ አንዱ ለቀኝ አንዱ ለግራ ዓይን፤ ተመልካቹም መነጽር ያደርጋል። እኔ ያየሁት ያለ መነጽር፣ በላፕቶፕ ነው። እውነቱን ለመናገር ይደብራል። ጦር ወደ ካሜራው ሲወረወር ለምን እንደተወረወረ እንኳ ግራ ይገባል።

ሙዚየሙ ውስጥ አንዱ ቆሟል፣ ሌላው አድብቷል። ሁለቱም ወንድ ናቸው፣ ጎፈር ግን የላቸውም። አንበሳን በጎፈሩ ለምናውቅ ለእኛ ሴት ነው የሚመስሉት። ደግሞ አነሱብኝ። ለካ ምክንያት አለው፦ እ.ኤ.አ. በ1898 የገደላቸው፣ ጻቮ ላይ የባቡር ድልድይ ያሠራ የነበረው ትውልደ አየርላንድ የብሪታንያ መኮንን ፓተርሰን ቆዳቸውን ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ምንጣፍ አድርጎት ኖሯል። ከዚያ ለሙዚየሙ በ5,000 ዶላር ሸጠው። ተቆርጦ የነበረ ቆዳ ተመልሶ አንበሳ ሲሆን ያንሳል።

ስንት ሰው በሉ? ፓተርሰን በመጽሐፉ 28 የህንድ የባቡር ሠራተኞችንና ያልተቆጠሩ አፍሪካውያንን ጠቀሰ፤ ኋላ ላይ 135 አደረሰው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ የአጥንትና የፀጉር ምርመራ ወደ 35 ይገምታል። «ያልተቆጠሩ» የምትለዋ ቃል ግን ትከነክናለች። የራሱ መንደር ሰው ያልቆጠረው ማን አለ?

ፊልሙ አንበሶቹን ሰይጣን አድርጓቸዋል። የአንደኛው የራስ ቅል ላይ የተገኘው ግን የተሰበረ ክራንቻና ሥሩ ድረስ የመገለ መንጋጋ ነው። በዚህ ጥርስ ጎሽ አይጣልም። ጎሹም ቢሆን አልቆ ነበር። ያ እኛን ክፉ ቀን ውስጥ የከተተን የከብት ወረርሽኝ ወደ ደቡብ ወርዶ የምሥራቅ አፍሪካን ከብትና ጎሽ ጨርሷል። አያቶቻችን ሲያወሩት የሰማነው እልቂት ጻቮ ድረስ እጁን መዘርጋቱን አስቤው አላውቅም ነበር።

ከመውጣቴ በፊት ሦስተኛ ሰው በላ እንዳለ ሰምቼ ፈለግኩት። ከዛምቢያ፣ ከምፉዌ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ስድስት ሰው በልቷል። እሱም ጎፈር የለውም። ምንጣፍ ሆኖ ስለማያውቅ ግን ግዝፈቱ እንዳለ ነው፤ መነጽርም አያስፈልገውም።