ፒፕ አሮጌውን ጃንጎ ለምን መረጠ?

ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ከቴዎድሮስ አደባባይ ወረድ ብሎ ካለ ቢሮ አንድ ሲስተም ሰርቨር ላይ እንድጭን ተጠራሁ። ሲስተሙ በጃንጎ 5.2 (በፓይተን ቋንቋ የዌብ ሲስተም መሥሪያ) የተሠራ ነው። የሠራው ልጅ ላፕቶፕ ላይ እንከን የለውም። ሰርቨሩ ላይ ግን ገና ሲነሳ ይወድቃል። ኤረሩ «ዲቢ_ዲፎልት የሚባል አርጊውመንት አላውቅም» ነው የሚለው። ይህ ነገር (ዳታቤዙ ራሱ የሚሞላው መነሻ ዋጋ) ጃንጎ ውስጥ የገባው በ5.0 ነው። ሰርቨሩ ላይ የተጫነውን ስናይ 4.2 ሆኖ አገኘነው።

ልጁ «ፒፕ ተበላሽቷል» አለ። ፒፕ የፓይተን ፓኬጆችን አውርዶ የሚጭነው ፕሮግራም ነው። አጥፍቶ እንደገና ጫነ። ያው 4.2።

ሲስተሙ የሚፈልጋቸው ፓኬጆች የሚዘረዘሩበት ሪኳየርመንትስ ፋይል ላይ «ጃንጎ» ብቻ ነው የተጻፈው፣ ቁጥር የለውም። ቁጥር ካልተሰጠው ፒፕ የመጨረሻውን ቨርዥን የሚያመጣ ይመስለናል። የሚያመጣው ግን ማሽኑ ላይ ላለው ፓይተን ከሚሆኑት ውስጥ የመጨረሻውን ነው። ፓኬጁ ቢያንስ የትኛውን ፓይተን እንደሚፈልግ ራሱ ይናገራል። ፒፕም ከቨርዥን 9 (እ.ኤ.አ. 2016) ጀምሮ ይህን እያየ የማይሆነውን ይዘላል። መዝለሉ ጥሩ ነው፤ የሚያናድደው ዝም ብሎ መዝለሉ ነው።

የሰርቨሩ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ኡቡንቱ 20.04 ነው፣ አብሮት የመጣው ፓይተን ደግሞ 3.8። ጃንጎ 5.2 ከ3.10 በታች አይሠራም። ይህን ስነግረው ልጁ ሳቀብኝ።

«ብሮ፣ 3.8 እኮ ከ3.10 ይበልጣል!»

ሒሳብ ክፍል ቢሆን ልክ ነበር። እዚህ ግን ነጥቧ መለያ ብቻ ናት። ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር ተብሎ ነው የሚቆጠረው፣ ከ3.9 ቀጥሎ የወጣው 3.10 ነው። ጎበዝ የሚባሉ ሰዎችም እዚህ ጋ ሲሸወዱ አይቻለሁ።

አልተዋጠለትም። እሺ፣ ፒፕ ራሱ ይናገር አልኩ። 5.2ን በቁጥሩ ስንጠይቀው ሰርቨሩ ላይ ያለው አሮጌ ፒፕ «አላገኘሁም» ብሎ ከ1.1.3 እስከ 4.2 ያሉትን ደረደረልን። 5.2 ጭራሽ ያልተፈጠረ ነው የሚመስለው። ትእዛዙ ላይ «ሰረዝ ቪ» (ዝርዝሩን አሳይ ማለት ነው) ስንጨምር ግን ጉዱን ዘረገፈው። «ሊንኩ ሌላ ፓይተን ይፈልጋል፤ 3.8.10 ከ>=3.10 ውስጥ የለም» የሚል መስመር እየተደጋገመ ወረደ። አዳዲሶቹ ፒፖች ይህን ሳይለመኑ ይናገራሉ።

ልጁ ወዲያው የሰርቨሩን ፓይተን እንቀይረው አለ። እምቢ አልኩ። የኡቡንቱ የራሱ መሣሪያዎች በዚያ 3.8 ላይ ነው የቆሙት፤ እሱ ሲነካ መጀመሪያ የሚያኮርፈው የኡቡንቱ ፕሮግራም መጫኛ፣ አፕት ነው። ኡቡንቱውን እናሳድገው ብንልም እዚያው ማሽን ላይ የቢሮው የሒሳብ ፕሮግራም አለ። ኃላፊው «ደመወዝ ሳይከፈል እሱን እንዳትነኩብኝ» አሉ። አልፈርድባቸውም። 4.2 ላይ እንቆይ የሚለውንም አስቤ ነበር፤ ዲቢ_ዲፎልት አንድ ሁለት ቦታ ብቻ ቢሆን ኖሮ አደርገው ነበር። ልጁ ግን ሞዴሉን ሁሉ በሱ ሞልቶታል።

ስለዚህ ፓይተን 3.11ን ከሶርስ ኮዱ ጎን ለጎን ጫንኩ። የሚወርደው ወደ 20 ሜጋባይት ነው፤ በሞባይል ዳታም ቢሆን አይከብድም። ሁለት ነገር ልብ በሉ። ኮምፓይል ከመደረጉ በፊት ለተመሰጠረ የኢንተርኔት ግንኙነት የሚያስፈልገው የኤስኤስኤል ዴቭ ፓኬጅ መኖር አለበት። ከሌለ ፓይተኑ ይሠራል፣ ፒፑ ግን ከኢንተርኔት ምንም ማውረድ አይችልም። መጨረሻ ላይ ደግሞ «ሜክ ኢንስቶል» ሳይሆን «ሜክ አልትኢንስቶል» ነው የሚባለው። ያኔ «ፓይተን3» የሚለው ስም የነበረበት ይቆያል፣ አዲሱ «ፓይተን3.11» ተብሎ ይጠራል።

ከዚያ በ3.11 ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንት (ለዚህ ሲስተም ብቻ የተለየ የፓኬጆች ማስቀመጫ) ፈጠርን። ፒፕን በባዶ ስሙ መጥራት አቁመን «ፓይተን3.11 ሰረዝ ኤም ፒፕ» አልን፤ የትኛው ፓይተን ፒፕ እንደሆነ አያጠራጥርም። ጃንጎ ወረደ፣ 5.2። ሲስተሙም ተነሳ።

ፋይሉ ላይ አሁን «ጃንጎ>=5.2,<5.3» ተብሎ ተጽፏል። ልጁ ሆን ብሎ በ3.8 ሞከረው። ፒፕ በ4.2 ከመሸንገል ይልቅ በቀይ ጽሑፍ እምቢ አለ።

የኡቡንቱ 20.04 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2025 አብቅቷል። ይህንንም ለኃላፊው ጽፌ ሰጥቻለሁ። ደመወዝ ይከፈል፣ ከዚያ እንነጋገራለን ብለዋል።